የደጋ አጋዘንን ስለ መቍጠርና ስለ መመርመር

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፥ ማናቸውንም ሀብት ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ሀብት ልኩን ማወቅ ይገባዋል። ባላገር ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የጐደለ እንዳለም እረኛውን ጠይቆ ሌሊቱ ሳይገፋ ለፍለጋ ይወጣል። ነጋዴም በየጊዜው ዕቃውን ቈጥሮ ከመዝገቡ ጋራ ያስተያያል። የዱር አራዊት ግን በረት የላቸውም፤ እረኛም የላቸውም፤ ስለዚህ አንድ ቢጐድል ወይም መቶ ቢጐድል በዚያው ዕለት የሚያውቅ የለም። መጥፋታቸው የሚታወቀው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ማዘን እንጂ መመለስ አይቻልም። የዱር አራዊትን በየስፍራቸው ሄዶ መመርመርና መቍጠር በዓለም ሁሉ እንደ አንድ ትልቅ ጥበብ የተያዘበት ምክንያት ይህ ነው። ይህም ሥራ ለኢትዮጵያ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ከእርስዋ በቀር በማናቸውም አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘንን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ 18 ማዞሪያ፥ ከጧት እስከ ማታ የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ገሚሱ ወደ ሥራ፥ ገሚሱ ወደ ገበያ፥ ገሚሱም ወደ ትምህርት ቤት ይጓዛል። በዚያ ስፍራ እንደ ሌላው የከተማ ክፍል ሁሉ፥ በታክሲና በሱቅ ለብዙ ዘመን እጅ ለእጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ትንሽ ገንዘብ ነበረ፤ እርሱም በ1969 ዓመተ ምሕረት ቀን የተመታው የዐሥር ሳንቲም ነው። በአንዱ ገጹ የአንበሳ፥ በሁለተኛው ገጹ ደግሞ የደጋ አጋዘን ሥዕል ተቀርጾበታል። ሳንቲሙን በመዳፉ ይዞ ያደገው የከተማ ልጅ ግን የእንስሳውን ስም ቢጠየቅ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር በትክክል የሚመልስ አልነበረም። አንበሳውን ሁሉ ያውቃል፤ አጋዘኑን ግን አንዱ ፍየል ነው ሲል፥ ሌላው ድኩላ ነው ይላል። ይህ ሰው በሳንቲም ላይ የቀረጸውን እንኳ ካልመረመረው የማያውቀው መሆኑን ያሳያል።

ስለ ስሙም ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በአማርኛ አጋዘን የሚባለው ስም ለሁለት እንስሶች ይነገራል፤ አንደኛው በቈላ ቍጥቋጦ የሚኖረው፥ ቀንዱ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘው ነው፤ ሁለተኛው በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ተራሮች የሚኖረው ነው፤ ይህን ከፊተኛው ለመለየት የደጋ አጋዘን ይሉታል። የአገሩ ሰዎች በኦሮምኛ ጋዳምሳ ይሉታል። በውጭ አገር መጻሕፍት የሚነበቡትን የሰሜን አገር እንስሶች፥ ማለት በአሜሪካና በእስያ የሚገኘውን ኤልክና በአውሮፓ የሚገኘውን ቀይ ዋላ፥ አንዳንድ ተርጓሚዎች አጋዘን እያሉ ይጽፏቸዋል። ነገር ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የኤልክና የዋላ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል፤ የአጋዘን ቀንድ ግን ቅርንጫፍ የለውም፤ እንደ በሬ ቀንድ በአጥንት ላይ የለበሰ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ከራሱ አይለይም። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚኖር እውነተኛ የዋላ ወገን የለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ተራራ ላይ የኤልክን ቦታ ይዞ የሚገኘው ታላቅ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

መልኩም ያማረ ነው። ወንዱ ከምድር እስከ ትከሻው ከአንድ ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይቆማል፤ ክብደቱም ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ሴቲቱ ከእርሱ ታንሳለች፤ ቀንድም የላትም። የወንዱ ቀንድ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ተጠምዝዞ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ጠጕሩ አመድማና ቡናማ ነው፤ ወንዱ ባረጀ ቍጥር እየጠቈረ ይሄዳል። በጐኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ ነጫጭ መስመሮችና ነጠብጣቦች፥ በአንገቱ ሥር ሁለት ነጫጭ ምልክቶች፥ በዐይኖቹ መካከልም ነጭ መስመር አለው። ሴቲቱ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ግልገሉም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከእናቱ ጋራ ይቈያል። ይህ ነገር በኋላ ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ በልብ መያዝ ያስፈልጋል፤ በየጊዜው አንድ ብቻ የሚወልድ እንስሳ ብዙ ከተገደለበት ቍጥሩን ለመመለስ ረዥም ዘመን ይፈጅበታል።

የባሌና የአርሲ ሰዎች ይህን እንስሳ ከጥንት ዠምሮ ያውቁት ነበር። የዓለም ሊቃውንት ግን ያወቁት እጅግ ዘግይተው ነው። በ1908 ሜጀር አይቮር ባክስተን የተባሉ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር አንዱን ገድለው ቆዳውንና ቀንዱን ወደ ለንደን ወሰዱት። በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የተባሉት የአራዊት ሊቅ መርምረው ከዚህ በፊት ያልተጻፈ አዲስ ዘር መሆኑን ገለጹ፤ ስሙንም በአዳኙ ስም ሰየሙት። በአፍሪካ ከሚገኙት ከዚህ ወገን ከሆኑት ታላላቅ እንስሶች ሁሉ በመጨረሻ የታወቀው ይህ ነው። ከታወቀ በኋላም ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ስለ ኑሮው የተጻፈው ጥቂት ነበረ፤ የሚሄዱት አብዛኞቹ አዳኞች ነበሩና የሚለኩት የቀንዱን ርዝመት እንጂ የመንጋውን ብዛት አልነበረም።

ይህን ልማድ የለወጡት ሌስሊ ብራውን የተባሉት ብሪታንያዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሊቅ ናቸው። ብራውን ከ1963 እስከ 1966 ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአርሲና በባሌ ተራሮች በእግርና በበቅሎ ተዘዋወሩ። በሄዱበትም ሁሉ መንጋውን በመነጽር እያዩ፥ ወንዱን ከሴቲቱ፥ ግልገሉን ከዐዋቂው እየለዩ በመዝገብ ጻፉ። ከድካማቸውም የተገኘው ዋና ነገር የባሌ ተራራ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የዚህ እንስሳ ዋና መኖሪያ መሆኑ ነው። የዘሩን ጠቅላላ ብዛት ከ7,000 እስከ 8,000፥ ምናልባትም እስከ 12,500 ይደርሳል ብለው ገመቱ፤ ስፍራውም በሕግ እንዲጠበቅ መከሩ። በዚሁ ዘመን፥ በ1963፥ ዩኔስኮ በሰር ጁልየን ሃክስሊ መሪነት የላከው ጓድ ስለ ኢትዮጵያ የዱር አራዊት አጠባበቅ መርምሮ አሳቡን አቅርቦ ነበር። በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሰኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የጸናው ግን በ2014 ነው፤ በመካከሉ 44 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

የደጋ አጋዘን የሚኖርበት አገር እንደ ምን ያለ መሆኑን ያላየ ሰው፥ የመርማሪውን ድካም ለመገመት ያስቸግረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ዲንሾ ከተማ ሲደረስ፥ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ በስተ ሰሜን ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ አለ፤ በሣርና በጭቁኝ የተሸፈነ ነው፤ በዙሪያው ኮሶ፥ ጥድና አምጃ ይበቅላሉ። ወደ ላይ ሲወጡ የአስታ ቍጥቋጦ ይመጣል፤ ከእርሱም በላይ ሰነቲ የሚባለው አምባ ነው፤ በዚያ ከጅብራና ከአጫጭር ቅጠላ ቅጠል በቀር ሌላ ነገር አይታይም። ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ነፋሱም ዕረፍት የለውም። ዛፍ የሌለው፥ ድንጋይ የበዛበት፥ ቀዝቃዛ ምድረ በዳ የሚመስል አገር ነው። አጋዘኑ በዚህ መካከል ጧትና ማታ ወደ ሜዳው ወጥቶ ይግጣል፤ ፀሐይ ስትበረታና ብርድ ሲጠና ወደ ቍጥቋጦውና ወደ ደኑ ገብቶ ይሸሸጋል። ምግቡ በብዛት የቍጥቋጦና የዛፍ ቅጠል ነው፤ ዝናብ ዘንቦ ለጋ ሣር ሲበቅል ሣርም ይግጣል።

እንግዲህ ይህን ተሸሻጊ እንስሳ እንዴት መቍጠር ይቻላል? መርማሪዎች የሚሠሩባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በዐይን እያዩ መቍጠር ነው። እንደ ጋይሳይ ያለውን ግልጥ ሜዳ በየክፍሉ ይከፋፍሉታል፤ ለየክፍሉም ሰው ይመደባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ተነሥተው፥ አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠር እየተጠባበቁ ጐን ለጐን ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቈጣሪ ያየውን መንጋ ብዛት፥ ሰዓቱን፥ መንጋው የሄደበትን አቅጣጫ ይጽፋል። ማታ ሁሉም ተሰብስበው ጽሑፋቸውን ያስተያያሉ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ግድም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ እኩል መንጋ አይተው እንደ ሆነ አንዱን ይሰርዛሉ። ይህ መንገድ በሜዳ ላይ እጅግ መልካም ነው። በደንና በጭጋግ ውስጥ ግን ዋጋ የለውም፤ አሥር እንስሶች በአጠገቡ ተኝተው ሳሉ ሰው አንዱን እንኳ ሳያይ ያልፋልና።

ሁለተኛው መንገድ እንስሳውን ሳይሆን በጠጡን መቍጠር ነው። ይህ ለሚሰማው ሰው የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብ ላይ የቆመ ነው። መርማሪው በደኑ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ቦታዎችን በገመድ ለክቶ በያንዳንዱ የሚገኘውን የበጠጥ ክምር ይቈጥራል፤ ከዚያም የጠቅላላውን ስፍራ ያሰላል። አንድ አጋዘን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥልና አንዱ ክምር ስንት ቀን ቈይቶ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለምሳሌ አንድ እንስሳ በቀን 10 ጊዜ ይጥላል፥ ክምሩም 100 ቀን ይቈያል ቢባል፥ አንዱ እንስሳ በማናቸውም ጊዜ 1,000 የሚታዩ ክምሮች ይኖሩታል። በደኑ ውስጥ በጠቅላላው 20,000 ክምር ያለ መሆኑ ከተገመተ እንስሶቹ 20 ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን ዝናብና ጥንዚዛ ክምሩን በ50 ቀን የሚያጠፉት እንደ ሆነ፥ ያው 20,000 ክምር የ40 እንስሶች ይሆናል። እንዲሁም የአጋዘኑን በጠጥ ከበግና ከፍየል በጠጥ ለይቶ ያላወቀ ቈጣሪ ድኻውን ደን ባለጠጋ አድርጎ ይጽፋል። ስለዚህ የጥንቃቄ ጕድለት ቍጥርን በእጥፍ ሊያሳስት ይችላል፤ በተሳሳተ ቍጥርም ላይ የተሳሳተ ሕግ ይወጣል።

ይህን ሥራ ዛሬ የሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ብቻ አይደሉም። ዮሴፍ ማሞ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘንን አኗኗርና የመንጋውን መብዛትና ማነስ ለብዙ ጊዜ መርምረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራዊት ጥናት መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለም ከኢትዮጵያውያንና ከኖርዌይ ሊቃውንት ጋራ ሆነው የተካፈሉበት፥ በ2011 የታተመው ጥናት፥ ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ ዘሩ በሞላ 4,000 እንደማይደርስ ገመተ። በ2013 የወጣው ሌላ ጥናት የየስፍራው መንጋዎች በዘር ምን ያህል እንደሚገናኙ ከመረመረ በኋላ፥ በመካከላቸው መተላለፊያ መንገድ እንዲጠበቅላቸው መከረ። የአሜሪካ ሊቃውንትም ከሰማይ በሳተላይት የተነሣውን የምድር ሥዕል ከተራራው ከፍታና ከዝናቡ ልክ ጋራ እያስተያዩ፥ አጋዘኑ ሊኖርባቸው የሚችሉ ገና ያልታዩ ስፍራዎችን ለማመልከት ሞክረዋል።

ምርመራው ካስገኛቸው ዕውቀቶች አንዱ እጅግ የሚያስገርም ነው። ሰው በተለምዶ የዱር እንስሳ ሁሉ ከሰው መንደር ይሸሻል ብሎ ያስባል። በዲንሾ አካባቢ የተደረገው ጥናት ግን አንዳንዶቹ አጋዘኖች ሌሊት ወደ ሰው ቤት አጠገብ እየቀረቡ እንደሚያድሩ አሳየ። ምክንያቱም ጅብ ነው፤ ጅብ ሰው ባለበት እንደ ልቡ ስለማይመላለስ፥ አጋዘኑ የሰውን ጎረቤትነት እንደ ጋሻ አድርጎ ይጠቀምበታል። ሁሉም እንዲህ አያደርጉም፤ አንዱ ይቀርባል፥ ሌላው በደኑ ይቀራል፤ እንደ ሰው ሁሉ ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። ቀን ከሰው የሚሸሸው እንስሳ ሌሊት በሰው የሚታመን መሆኑ በመነጽርና በመዝገብ ለብዙ ሌሊት ያልተከታተለ ሰው ሊያውቀው የማይችል ነገር ነው። ሕግ አውጪም ሰውን ከተራራው ፈጽሞ ማራቅ ሁልጊዜ ለእንስሳው ጥቅም ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት ይህን የመሰለውን ነገር ማወቅ ይገባዋል።

ይህ መተማመን ግን የተበደለበት ጊዜ አለ። በ1991 የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ በመካከሉ የሕግ ጥበቃ ላልቶ ነበርና፥ የፓርኩ ቤቶችና ኬላዎች ተዘረፉ፤ በጋይሳይና በዲንሾ አካባቢ የነበረው መንጋም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጥይት አለቀ ለማለት እስኪደርስ ተመናመነ። የተረፉት ጥቂቶች በዲንሾ በአጥር በተከለለው ትንሽ ደን ተጠጉ፤ በኋላም ጥበቃው ሲመለስ ከእነርሱ ተባዝተው ጋይሳይ እንደ ገና አጋዘን የሚታይበት ሜዳ ሆነ። የጠፋውን መጠን ለማወቅ የተቻለው ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ ዓመታት ክሪስ ሂልማን የተባሉት መርማሪና ባልደረቦቻቸው በየጊዜው ቈጥረው በመዝገብ ትተው ስለ ነበረ ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ጥፋቱም መመለሱም በወሬ ብቻ ይቀር ነበር። በአርሲ ተራሮችና በምዕራብ ሐረርጌ ኩኒ ሙክታር በተባለው መጠበቂያ የነበሩት መንጋዎች ግን እንደ ባሌው የተሟላ መዝገብ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደ ነበሩና ምን ያህል እንደ ጐደሉ በልክ ለመናገር ያስቸግራል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረት ለዚህ ይስማማል።

ስለ አጋዘኑ ሲነገር ስለ ባሌ ገበሬና እረኛ ዝም ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። በተራራው ላይ ሰው ከብቱን አሰማርቶ፥ ገብሱን ዘርቶ ይኖራል። ጎዳንቱ በሚባለው የቈየ ልማድ መሠረት እረኞች እንደ ወራቱ ከብቶቻቸውን ከቈላ ወደ ደጋ፥ ከደጋ ወደ ደን ያዘዋውሩ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ያገኝ ነበር። ሕዝቡ በበዛና በተራራው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠው በበረከተ ጊዜ ግን ከብቱ ሳያቋርጥ ይግጣል፤ አስታው ለግጦሽ ሲባል በእሳት ይቃጠላል፤ እርሻውም ወደ ላይ ይወጣል። የእረኛ ውሻ ግልገሉን ያሳድዳል። አጋዘኑም በበኩሉ ሌሊት ወደ ገብሱ ማሳ ገብቶ የገበሬውን የዓመት ልፋት ይበላል። ልጆቹን ከዚያ ማሳ የሚመግበው አባት፥ ስለ ዓለም ብርቅዬ እንስሳ የሚነገረውን ንግግር በደስታ እንዲሰማ መጠበቅ አይገባም። አጋዘኑ በመኖሩ የሚጐዳው እርሱ ሲሆን፥ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላ ከሆነ፥ ጥበቃው በዘበኛ ጠመንጃ ብቻ የቆመ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውም ጥበቃ ዘበኛው ዘወር ሲል እንደሚፈርስ በ1991 ታይቷል።

ይሁን እንጂ የተራራው መጠበቅ ለአጋዘኑ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች ወደ ዋቢ ሸበሌና ወደ ገናሌ ገብተው በታችኛው በረሃ የሚኖረውን ሕዝብና ከብት ያጠጣሉ፤ እስከ ሶማሊያም ይደርሳሉ። በላይ ያለው ሣርና አስታ ሲያልቅ ዝናቡ እንደ ወረደ በጐርፍ ይሄዳል፤ በበጋም ወንዙ ይደርቃል። ስለዚህ የአጋዘኑ ቍጥር ለተራራው ጤንነት እንደ ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ ቅጠሉና መሸሸጊያው ሲጐድል አስቀድሞ የሚጐድለው እርሱ ነውና። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈውም ለመልኩ ማማር ብቻ ሳይሆን፥ እንደ ደጋ አጋዘንና እንደ ቀይ ቀበሮ ያሉ በሌላ አገር የማይገኙ ፍጥረቶች ስለሚኖሩበት ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ዕዳውም ከክብሩ ጋራ አብሮ የመጣ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ሥራ ምን ያህል እንደ ታገሡ መመልከትም ይጠቅማል። በስኮትላንድ ረም በምትባለው ደሴት የቀይ ዋላ ጥናት ከ1953 ዠምሮ እስካሁን ይካሄዳል፤ መርማሪዎቹ እያንዳንዱን ዋላ በመልኩ ለይተው፥ መቼ እንደ ተወለደ፥ ስንት እንደ ወለደ፥ መቼ እንደ ሞተ ይጽፋሉ። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች አርጅተው ሌሎች ተተክተዋል፤ መዝገቡ ግን አልተቋረጠም። በአሜሪካም ኤልክ በበጋ ወደ ተራራ ራስ፥ በክረምት ወደ ሸለቆው የሚያደርገውን ጉዞ፥ በአንገቱ ላይ በታሰረ የሬዲዮ ማሠሪያ ይከታተሉታል፤ መንገድና አጥር የሚሠሩትም ይህን ጉዞ እያዩ ነው። በኢትዮጵያም በሰሜን ተራሮች በርንሃርት ኒፈርጌልት የተባሉት የስዊስ ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልያን መርምረው በ1981 መጽሐፍ አሳትመዋል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያው በማነሱና በሌላም ምክንያት በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ቈጠራ ግን ዋልያው እንደ ገና በብዙ መቀነሱን አሳየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ አንድ ጊዜ ተቈጥሮ መልካም ሆኖ የተገኘ ዘር ለዘለዓለም ተርፏል ማለት አለመሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ በሩቅ ተራራ ያለ ነገር ነው፤ ለከተማ ሰው ምን ይመለከተዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ፥ ከከተማው ባሻገር የወጨጫ ተራራ ይታያል። በዚያ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ደኑ በዐሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ በታሪክ ይነገራል። በዚያ ደን ውስጥ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተሰየመው ጥቍር ድኩላ ይኖራል፤ እርሱም የደጋ አጋዘን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሊቃውንት በአንድ ወገን ይጽፏቸዋል። የኮልፌ ተማሪ ስለ ዱር አራዊት ምርመራ ለመማር ወደ ባሌ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልገውም፤ በመነጽርና በደብተር፥ ዐዋቂ መምህር ይዞ፥ በወጨጫ ደን የድኩላውን ፈለግና በጠጥ መቍጠር ይችላል። የአንድ ቀን ቈጠራ ዋጋው ጥቂት ነው፤ በየዓመቱ በዚያው ወር፥ በዚያው ስፍራ፥ በዚያው አሠራር ቢደገም ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም በገንዘብ ሊገዛው የማይችል መዝገብ ይሆናል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ነገር ግልጥ ነው። አንደኛ፥ የደጋ አጋዘን ቈጠራ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ፥ በየዓመቱ በተወሰነ ወር በባሌም በአርሲም በሐረርጌም ሊደረግ ይገባል፤ ውጤቱም ቢያስደስትም ቢያሳዝንም ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛ፥ በቈጠራው የተራራው ተወላጆች ይካፈሉ፤ አጋዘኑ በየትኛው ሸለቆ እንደሚውልና በየትኛው እንደሚያድር ከእረኛው ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ የሥራውንም ዋጋ የሚቀበል እረኛ የአጋዘኑ ጠላት አይሆንም። ሦስተኛ፥ ገብሱ የተበላበት ገበሬ አቤቱታውን የሚሰማለትና ኪሣራውን የሚያቃልልለት ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ከጎብኚና ከፈቃድ የሚገኘው ገቢም እንስሳው ለሚኖርበት ቀበሌ ትምህርት ቤትና የውኃ ጕድጓድ ሆኖ መታየት አለበት። አራተኛ፥ በመንጋዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ በእርሻና በቤት ፈጽሞ ሳይዘጋ ዛሬውኑ በካርታ ላይ ይመልከት፤ ከተዘጋ በኋላ ለማስከፈት የሰውን ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናልና፥ ያም ለማንም ደግ ነገር አይደለም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የሊቁ ሒሳብ፥ የእረኛው ዕውቀት፥ የዘበኛው ትጋት፥ የሕግ አውጪው አስተዋይነት፥ የተማሪውም ደብተር ለየብቻቸው ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ በአንድነት ሲገመዱ ግን ይህን በዓለም ላይ አንድ መኖሪያ ብቻ ያለውን እንስሳ ለመጠበቅ ይበቃሉ። ዘሩ 4,000 የማይሞላ ሆኖ ሳለ፥ አንዲት እናትም በየወሊዷ አንድ ብቻ የምትሰጥ ስትሆን፥ ሥራውን ከዓመት ወደ ዓመት ማስተላለፍ አይገባም። የሚመጣው የቈጠራ ወር ሳያልፍ መነጽሩና መዝገቡ ወደ ተራራው እንዲወጡ የሚመለከታቸው ሁሉ ከአሁኑ ይዘጋጁ።